ተቀጣሪ ሁሉ ፈሪ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። ከሦስቱ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ከሥሩ አንዲት ጥያቄ ጨምራበታለች። «እኔ ፈሪ ነኝ ማለት ነው?»

እህቴ ተቀጥራ ነው የምትሠራው። ሁለት ልጆች አሏት። ባለቤቷ ከታመመ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ይህን ምላሽ የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሷ ነው። እንደ እሷ ጽሑፉን አንብበው አንገታቸውን ለደፉም ጭምር።

ጽሑፉ የሚለውን እንደተረዳሁት ላስቀምጥ። ሰው የራሱን ሥራ የሚጀምረው ደፋር ስለሆነ ነው፣ ተቀጥሮ የሚኖረው ስለሚፈራ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ደመወዝ ማንንም አላበለጸገም፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ ግን የላቡን ሙሉ ዋጋ ያገኛል ይላሉ። ገንዘብ የለኝም ማለት ሰበብ ነው፣ ሐሳብና ቆራጥነት ይበቃል ይላሉ። አለቃ የሌለው ሰው ነፃ ሰው ነው ይላሉ። ትምህርት ቤቶች የሚያወጡት ተቀጣሪ ብቻ ነው ብለውም ይወቅሳሉ። በመጨረሻ፣ ብዙ ሰው ደመወዙን ትቶ ወደ ግል ሥራ ቢገባ አገር ያድጋል ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው ክፉ አላሰቡም። ወጣቱ ሥራ እስኪሰጠው እጁን አጣጥፎ እንዳይጠብቅ ነው የፈለጉት። በዚህ አንጣላም። የትምህርት ቤቱንም ነገር እዚሁ ልተወው፣ ምክንያቱም እስማማለሁ። 12 ዓመት ተምሮ ትርፍና ኪሳራ ማስላት የማይችል ተማሪ ሞልቷል።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። 11 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ያለፉትን 8 ዓመታት ደግሞ የራሴን ሥራ ነው የምሠራው። የአነስተኛ ነጋዴዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። የግል ሥራን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፣ ቤተሰቤን የማስተዳድረው በእሱ ነው። ግን በየወሩ የብዙ ሰው ደብተር አያለሁ። ደብተሩ ውስጥ የማየውና ጽሑፉ ውስጥ ያነበብኩት አልገጣጠም አለኝ።

ከድፍረቱ ልጀምር። እህቴንም የነካት እሱ ነው።

የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ላይ የት እንደሚበዙ እንይ። የዓለም ባንክና የዓለም የሥራ ድርጅት ይህን በየአገሩ ይመዘግባሉ። በጣም ድሃ በሆኑት አገሮች ከ10 ሠራተኛ 8 ያህሉ ቀጣሪ የለውም። የራሱን ወይም የቤተሰቡን ሥራ ነው የሚሠራው። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለው ሰው ከ10 አንድ እንኳን አይሞላም። ነገሩን የሚወስነው ድፍረት ቢሆን ኖሮ ድሃ አገር ሁሉ በደፋር፣ ሀብታም አገር ሁሉ በፈሪ በተሞላ ነበር። ጸሐፊው ራሳቸውም ይህን የሚሉ አይመስለኝም።

አንድ ሰው አስቡ። በአገሩ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ተሰደደና ፋብሪካ ተቀጠረ። ድፍረቱን ድንበር ላይ ጥሎት ነው የገባው? አንዲት ሴት ደግሞ አስቡ። በአገሯ መሐንዲስ ሆና ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በሄደችበት አገር ዲግሪዋን የሚቀበላት ጠፋ። ቋንቋውም አስቸገራት። በመጨረሻ የራሷን የጽዳት ሥራ ጀመረች። ይህች ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ከፈሪነት ወደ ጀግንነት ተሸጋገረች? ሁለቱም ያው ሰዎች ናቸው። የተለወጠው ፊታቸው ያለው በር ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፣ በሙከራ ታይቷል። በህንድ ኦዲሻ ግዛት ገጠሮች ውስጥ ኤሚሊ ብሬዛ፣ ሱፕሪት ካውርና ኒታ ሻምዳሳኒ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አደረጉ። ወደ መንደሮች ሄደው ለብዙ ወንዶች የቅጥር ሥራ ሰጡ። ሥራ በሚጠፋበት ወቅት ይህ ሲሆን የቀን ሠራተኛው ክፍያ ምንም አልጨመረም። ይልቁንም የራሳቸውን ነገር ሲሠሩ የቆዩ ሌሎች ሰዎች ሥራቸውን እየተው ተቀጣሪዎቹ በለቀቁት ቦታ ገቡ። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉት፣ በዚያ ወቅት የቀን ሠራተኞች በግል ከሚሠሩት ሥራ ቢያንስ 24 በመቶው ቅጥር በመጥፋቱ ብቻ የተያዘ ሆኖ ተገኘ። ቢያንስ ነው ያሉት። እነዚህ ሰዎች ቅጥርን ንቀው አልነበረም የራሳቸውን ሥራ የያዙት። የሚቀጥራቸው ጠፍቶ ነው።

በስሪላንካ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎችን ከሁለት ወገን ጋር አነጻጸረ። በአንድ በኩል ተቀጣሪዎች፣ በሌላ በኩል ሰው ቀጥረው የሚያሠሩ ባለድርጅቶች። በችሎታቸው፣ በአስተዳደጋቸው፣ በፍላጎታቸው ማንን ይመስላሉ ተብሎ ተጠየቀ። ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ይበልጥ የሚመስሉት ተቀጣሪዎችን ነበር። ከትንሽ ሱቅ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ነገ ትልቅ ድርጅት የሚገነባ ሰው ላይሆን ይችላል። ጥሩ ሥራ ቢያገኝ ደስ ብሎት የሚሄድ፣ እስኪያገኝ ግን ልጆቹን የሚያበላ አባት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ይህ ሰው ትልቅ ክብር ይገባዋል። ግን ስላላሰበው ነገር ሊሞገስ አይገባም። ተቀጥሮ ለሚሠራ ጎረቤቱ መስደቢያ መደረግማ ጨርሶ የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ፈልጎ የገባና ተገፍቶ የገባ ብሎ ሰውን በሁለት መስመር መክፈል ቀላል አይደለም። አብዛኛው ሰው ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለበት። ተገፍቶ ገብቶ በኋላ የወደደው አለ። የራሱን ሥራ ፈልጎ ገብቶ ቅጥር የናፈቀውም አለ። ያልታወቀን ነገር የመቻል ጉዳይም የራሱ ድርሻ አለው። ፍራንክ ናይት የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1921 ያነሳው ይህንኑ ነው። የባለድርጅት ትርፍ ማንም አስቀድሞ ሊያሰላው የማይችለውን ነገ የመሸከም ዋጋ ነው ብሏል። ትክክል ነው።

ግን መሸከም የሚችለው ማን ነው? ደፋሩ ነው ወይስ ትከሻው የተዘጋጀለት? ሁለት ነገር ላንሳ። በአሜሪካ አዳዲስ ድርጅቶችን የመሠረቱ ሰዎች ዕድሜ ሲጠና አማካዩ 42 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በጣም ፈጥነው ያደጉትን ድርጅቶች የመሠረቱት ደግሞ 45። ስለዚህ በአማካይ መሥራቹ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ገደል ውስጥ የዘለለ ወጣት አይደለም። ለዓመታት ተቀጥሮ ሙያውን፣ ደንበኛውንና ገበያውን ያወቀ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛው የባሰ ይገርማል። ሥራቸውን ሳይለቁ የራሳቸውን ነገር ጎን ለጎን ጀምረው በኋላ ሙሉ በሙሉ የወጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ ደመወዛቸውን ጥለው ከወጡት ይልቅ የመክሰር ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ጸሐፊው ፈሪ የሚሉት ጠንቃቃ ሰው የተሻለ ይቆያል ማለት ነው።

ወደ ገቢው ልለፍ።

ደመወዝ ጣሪያ አለው የሚለው እውነት ነው። በዓለም ላይ እጅግ ሀብታም የሆኑት ሰዎች ባለድርጅት እንጂ ደመወዝተኛ አይደሉም፣ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄው ጫፍ ላይ ስላለው ሰው አይደለም። መሐል ላይ ስላለው ሰው ነው። ባርተን ሃሚልተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ጥናት ስለዚህ ሰው ብዙ ይነግረናል። የአሜሪካ ሠራተኞችን መረጃ ይዞ ነበር የተነሳው። ለ10 ዓመት የራሱን ሥራ የሠራው መሐከለኛ ሰው ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ ያገኝ ከነበረው በ35 በመቶ ያነሰ ነው የሚያገኘው። በመጀመሪያው ዓመት ቢሆን መንገዳገድ ነው እንላለን። ይህ ግን ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ጥቂቶች ብዙ ያገኛሉ። እነሱ አማካዩን ወደ ላይ ይስቡታል። እኛ የምናየውም የምናወራውም እነሱን ነው።

የከሰረውን ደግሞ አናየውም። በአሜሪካ የመንግሥት መረጃ መሠረት ከሚከፈቱ አዳዲስ የንግድ ድርጅቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋሉ። አምስተኛ ዓመታቸውን የሚያዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የተዘጋ ሱቅ ታሪኩን የሚጽፍለት የለም።

እዚህ ላይ በሙያዬ የማየውን ልናገር። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት ነው። በግልጽ ምሳሌ ላሳይ። አንዲት ልብስ ሰፊ በወር ከሽያጭ ያገኘችው ገንዘብ 100 ነው እንበል። ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ 55 ወሰደባት። መብራትና ትራንስፖርት 10። የቀረው 35 ትርፍ ነው ብላ ትጽፋለች። እኔ ግን ጥያቄ እጀምራለሁ። ቤትሽን ለሥራ ባትጠቀሚበት ለዚያ ክፍል ኪራይ ስንት ትከፍዪ ነበር? 8 ትለኛለች። ማሽኑ ካረጀ በኋላ የምትተኪበትን በየወሩ ታስቀምጫለሽ? አላስቀምጥም። ቢሰላ 4 ይሆናል። በዱቤ ወስዶ የቀረብሽ አለ? አለ፣ 3። ልጅሽ ከትምህርት ቤት መልስ ትረዳሻለች? ትረዳኛለች። ለእሷ ምንም አልተጻፈም። አሁን የቀረው 20 ነው። በወር 280 ሰዓት ሠርታ 20። ያንኑ ሙያ ይዛ ተቀጥራ በሳምንት 48 ሰዓት ብትሠራ 25 ታገኝ ነበር።

ይህን የምነግራቸው ሥራቸውን እንዲዘጉ አይደለም። አንዳንዶቹ ዋጋቸውን ያስተካክላሉ። አንዳንዶቹ ትርፍ የሌለውን ዕቃ ያቆማሉ። ግን «የላቤን ሙሉ ዋጋ አገኛለሁ» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ በዚህ ይገባኛል። የራሱን ደመወዝ ለራሱ የማይከፍል ሰው ሁሉ ትርፋማ ይመስለዋል። ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሷቸው የሰፈር ነጋዴዎችም ደብተራቸው በዚህ መልክ ቢታይ ምን እንደሚል ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ የከበደኝ፣ ገንዘብ ሰበብ ነው የሚለው ነው። በዚህ ላይ ቆየት ልበል።

መጀመሪያ ትክክል የሆኑበትን ልቀበል። ኤሪክ ኸርስትና አናማሪያ ሉሳርዲ የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ቤተሰቦችን ሀብት ሲመረምሩ ከላይ ካሉት 5 በመቶ ሀብታሞች በታች ባለው ሕዝብ ዘንድ የሀብት መጠንና ሥራ የመጀመር ዕድል እምብዛም እንደማይያያዙ አገኙ። ብዙ ዓይነት ሥራ በትንሽ ገንዘብ ሊጀመር ስለሚችል ነው። የቧንቧ ሠራተኛ መሣሪያ፣ የተርጓሚ ኮምፒውተር፣ የፀጉር ሠሪ መቀስ ሀብታም መሆንን አይጠይቅም። እኔም የጀመርኩት በአንድ ላፕቶፕ ነው።

በሌላ በኩል ግን ዴቪድ ብላንችፍላወርና አንድሩ ኦስዋልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ ሳምንት የተወለዱ ሕፃናትን ለዓመታት የተከታተለ መረጃ ይዘው አዩ። ውርስ ወይም የገንዘብ ስጦታ ያገኙት የራሳቸውን ሥራ የመጀመር ዕድላቸው ጎላ ብሎ ከፍ ያለ ነው። ልጆች ሳሉ የተወሰደው የሥነ ልቦና ፈተና ግን ያን ያህል የሚናገረው ነገር አልነበረም። ጸሐፊው ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ድፍረት ከልጅነት ጀምሮ በውስጣችን ያለ ነገር ከሆነ የባሕርይ ፈተናው አንድ ነገር ማሳየት ነበረበት። ያሳየው ግን ማን ስጦታ እንደደረሰው ነው።

ከገንዘብ ሌላ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚወረስ ነገር አለ። በስዊድን በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ተጠንተው ነበር። ወላጆቻቸው የራሳቸው ሥራ ካላቸው ልጆቻቸው የራሳቸውን ሥራ የመያዝ ዕድላቸው በ60 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጉዲፈቻ መሆኑ የጠቀመው የወለዱትንና ያሳደጉትን ለመለየት ነው። ያሳደጉት ወላጆች ተጽዕኖ ከወለዱት በእጥፍ ይበልጣል። ነጋዴ ቤት ያደገ ልጅ ደንበኛ ሲቆጣ አባቱ ምን እንደሚል ሰምቷል። ገበያ ሲቀዘቅዝ እናቱ ምን እንደምታደርግ አይቷል። ደመወዝተኛ ቤት ያደገው ይህን የሚያየው በራሱ ገንዘብ ከስሮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። መነሻ ገንዘብ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ሌላ ገንዘብ አለ። እስኪያዋጣ ድረስ የምትኖርበት ገንዘብ። ብትታመም የሚያሳክምህ። ባይሆንልህ የምትመለስበት። እኔ ከቅጥር ስወጣ ባለቤቴ ደመወዝ ነበራት። የመጀመሪያዎቹን 14 ወራት የኖርነው በእሷ ነው። በእነዚያ ወራት ያገኘሁት ገቢ ለልጃችን ትምህርት ቤት እንኳን አይበቃም ነበር። ሰዎች አሁን «አንተማ ደፋር ነህ» ሲሉኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ሚስቴ ተቀጣሪ ስለነበረች ነው የደፈርኩት።

ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። አገሮች በሕጋቸው የሰውን መደገፊያ ሲቀይሩ ምን እንደሚሆን እንይ። በአሜሪካ ብዙ ሰው የጤና መድህን የሚያገኘው በቀጣሪው በኩል ነው። 65 ዓመት ሲሞላው ግን ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድህን ይጀምርለታል። ተመራማሪዎች 65 ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውንና ገና የሞላቸውን ሰዎች አነጻጸሩ። 65 እንዳለፈ የራሱ ድርጅት ያለው ሰው ቁጥር ከፍ ይላል። ሰው በ65ኛ ዓመት ልደቱ ድፍረት አይወለድለትም። ቢታመም የሚያሳክመው ነገር ግን ያን ቀን ተገኘ።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ለውጥ አደረገች። ከዚያ በፊት ሥራ ያጣ ሰው የራሱን ነገር ከጀመረ የሥራ አጥነት ክፍያውን ያጣ ነበር። ከለውጡ በኋላ ግን ሥራው እስኪያቆመው ክፍያው ይቀጥልለታል። ቢከስርም ወደ ክፍያው የመመለስ መብት አለው። አዳዲስ ድርጅቶች በብዛት ተከፈቱ። አንዳንዶች ደካማ ሥራ ብቻ እንዳይበዛ ሰግተው ነበር። በኋላ ሲጠና ግን እነዚህ ድርጅቶች በመቆየትም ሆነ ሰው በመቅጠር ከሌሎቹ የማያንሱ ሆነው ተገኙ። ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ መሠረት ተቀጣሪ የራሱን ሥራ ለመሞከር እስከ 6 ወር ፈቃድ ወስዶ ወደ ቦታው መመለስ ይችላል። ሥራው ከአሠሪው ጋር የሚፎካከር፣ ፈቃዱም የአሠሪውን ሥራ ክፉኛ የሚያጓድል መሆን ግን የለበትም።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አድርገን ብናይ፣ ለመጀመር የሚያበቃው ነገር መመለሻ ማግኘት ነው። ታዲያ መመለሻ የሌላትን የሁለት ልጆች እናት «ሰበብ ታበዣለሽ» ማለት ተገቢ አይደለም። እሷ ብትወድቅ ብቻዋን አይደለም የምትወድቀው።

ስለ ነፃነት ጸሐፊው ያሉትን ሳነብ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ከልቤ። ከሁሉም ነጥቦቻቸው ጠንካራው ይህ ነው። በ23 አገሮች የተሠራ የማቲያስ ቤንዝና የብሩኖ ፍሬይ ጥናት የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከተቀጣሪዎች ይልቅ በሥራቸው ደስተኞች እንደሆኑ አሳይቷል። ዋናው ምክንያት ከበላይ የሚያዝ ሰው አለመኖሩ ነው። መሐከለኛው ሰው ትንሽ እያገኘም ለምን እንደሚቆይ የሚገባኝ በዚህ ነው። ልጄ ስትታመም ማንንም ሳላስፈቅድ እቤት እውላለሁ። ይህን በብር አልለውጠውም።

ግን አለቃ አለመኖር ሁልጊዜ ነፃነት አይደለም። አንድ ትልቅ ደንበኛ ብቻ ያለው ሰው ያ ደንበኛ አለቃው ነው፤ የዓመት ፈቃድ የማይሰጥ አለቃ። ከዚህ የባሰም አለ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪና አሽከርካሪ የሚያገናኘውን የኡበር ኩባንያ አሽከርካሪዎች ጉዳይ ወስኗል። ኩባንያው ሰዎቹ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ናቸው ብሎ ነበር የተከራከረው። ፍርድ ቤቱ ዝርዝሩን አየ። የጉዞውን ዋጋ የሚወስነው ኩባንያው ነው። የውሉን ቃል የሚጽፈው ኩባንያው ነው። ጥሪ ደጋግሞ ያልተቀበለ አሽከርካሪ ይቀጣል። ተሳፋሪ የሚሰጠው ነጥብ ከወረደ መባረር ይመጣል። ስለዚህ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ተባለ። በስም የራሳቸው አለቃ ነበሩ። በተግባር ግን የሠራተኛ ጥበቃ የሌላቸው ታዛዦች ነበሩ። የራስህ አለቃ ሁን የሚለው ጥሪ ሲመጣ፣ የሚጠራው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ቅጥር ራሱ ለምን እንደመጣም እናስብ። ሮናልድ ኮዝ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1937 ይህንን ጥያቄ ጠየቀ። ገበያ ሁሉን ማገናኘት ከቻለ ድርጅት ለምን ያስፈልጋል? ለእያንዳንዱ ሥራ ሰው መፈለግ፣ ዋጋ መከራከር፣ ውል መጻፍ ራሱ ወጪ አለው ብሎ መለሰ። አንዴ ተቀጥሮ አብሮ መሥራት ይረክሳል። ተቀጣሪው ከነፃነቱ ትንሽ ይሰጣል። በምላሹ ገበያ ቢቀዘቅዝም ወር ሲሞላ ደመወዙ ይገባለታል። ይህ ውል ነው። ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ደመወዙና እንደ አሠሪው። መጥፎ አሠሪ አይቻለሁ፣ የወጣሁትም አንዱን ሸሽቼ ነው። ነገር ግን ውል የገባ ሰው ባሪያ አይደለም።

የአገር እድገት ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። ከላይ እንዳየነው የግል ሥራ የሚበዛው በድሃ አገሮች ነው። አገሮች ሲያድጉ ቅጥር ይሰፋል፣ ብቻውን የሚሠራው ሰው ይቀንሳል። ጸሐፊው የሚያደንቋቸው ትልልቅ ባለድርጅቶችም ቢሆኑ ትልቅ የሆኑት ሰው ቀጥረው ነው። ሁሉም ደመወዙን ትቶ ቢወጣ ማን ይቀጠርላቸዋል? ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው፣ ሒሳቡን የምትዘጋው፣ ደንበኛውን የምታስተናግደው ሴት ፈሪ ከተባለች ድርጅቱ የተገነባው በማን ነው? በዚህ ላይ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ኤሪክ ኸርስት ፐግስሊ ከተባለ ተመራማሪ ጋር የሠራው ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ አነስተኛ ድርጅት ከፋቾች ገና ሲጀምሩም የማደግ ሐሳብ የላቸውም። በራሳቸው ሰዓት መሥራት ነው የፈለጉት። ይህ መብታቸው ነው፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ግን አገር የማሳደግ ሸክም በእኛ ላይ ሊጫን አይችልም።

ለእህቴ የመለስኩላትን ልንገራችሁ። እሷ ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች ልብስ ትሰፋለች። ቋሚ ደንበኞች አሏት፣ አራት። ጽሑፉን ባነበበች ማግስት ደመወዟን ትታ ልትወጣ አስባ ነበር። በስልክ ሳይሆን ቤቷ ሄጄ ደብተር ዘርግተን ተቀመጥን። ሦስት ነገር ጻፍን። ለራሷ ደመወዝ ቆርጣ ስትቀንስ ስፌቱ ምን ያህል ይተርፈዋል? ከደመወዟ ውጪ ቤቱን ስንት ወር የሚያቆም ገንዘብ አለ? የባለቤቷ ሕክምና በመድህኗ የሚሸፈነው እስከ መቼ ነው? የመጀመሪያው ደህና ነበር። ሁለተኛው ሁለት ወር አይሞላም። ሦስተኛው ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።

ደብተሩን ዘጋችና «እንግዲህ እስከዚያ ቅዳሜ ይበቃኛል» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት አምስተኛ ደንበኛዋን አግኝታለች። ሰኞ ጠዋት ደውዬላት ነበር፣ አላነሳችም። ሥራ ላይ ነበረች።